ፍሊትዉድ ዎከር፦ በባዶ እጁ ይቀልብ የነበረው የኮሌጅ ልጅ

ቤዝቦልን የወደድኩት ኦሃዮ መኖር ከጀመርኩ በኋላ ነው። ስለ ጨዋታው ለሚጠይቁኝ ወገኖቼ አስቀድሜ የማነሣላቸው የዚሁ ግዛት ልጅ የሆነውን ሞዝስ ፍሊትዉድ ዎከርን ነው።

ዎከር እ.ኤ.አ. በ1856 ማውንት ፕሌዘንት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ጥቁሮችንና ሴቶችን ቀድሞ በተቀበለው ኦበርሊን ኮሌጅ ተማረ፤ ለኮሌጁ ቡድንም ተጫወተ። ቀጥሎ ሕግ ሊያጠና ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገባ። የኮሌጅ ደጃፍ የረገጠ ተጫዋች ጥቂት በነበረበት በዚያ ዘመን፣ በ1883 የቶሊዶ ከተማ ቡድን በቀላቢነት ቀጠረው።

ቀላቢ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የወርዋሪውን ኳስ ይይዛል፤ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚፈልግም በምልክት ይነግረዋል። የዛሬው ወፍራም ጓንት ገና ስላልመጣ ዎከር ብዙ ጊዜ የሚቀልበው በባዶ እጁ ነበር። በ1884 ቡድኑ ከፍተኛ ሊግ ሲገባ 42 ጨዋታ ተሰለፈ። ወርዋሪው ቶኒ ማለን ከዓመታት በኋላ እንደተናገረው፣ አብረውት ከተጫወቱት ቀላቢዎች ዎከርን የሚያህል አልነበረም፤ ሆኖም ጥቁር ስለሆነ ምልክቱን ንቆ ያሻውን ይወረውርበት ነበር። የሚመጣውን ሳያውቁ በባዶ እጅ መቅለብ ምን ያህል ሕመም እንደሆነ አስቡት!

ኦገስት 10 ቀን 1883 የቺካጎ ቡድን ዝነኛ ተጫዋች ካፕ አንሰን ጥቁር ካለበት ቡድን ጋር አልጫወትም አለ። የቶሊዶው ኃላፊ ቻርሊ ሞርተን ያን ቀን ዎከርን ሊያሳርፈው አስቦ ነበር፤ ዛቻውን ሲሰማ ግን አሰለፈው። አንሰን የመግቢያ ገቢ ድርሻው እንዳይቀርበት ተጫወተ።

ጁላይ 14 ቀን 1887፣ ዎከር ለኒዋርክ ቡድን በሚጫወትበት ጊዜ፣ አንሰን እዚያም ያንኑ ጥያቄ ይዞ መጣ። ያን ዕለት እንደ ሞርተን የተከራከረ አልተገኘም፤ ዎከርና ጥቁሩ ወርዋሪ ጆርጅ ስቶቪ ሳይሰለፉ ቀሩ። በዚያው ቀን የሊጋቸው ባለቤቶች ከእንግዲህ ጥቁር ላለማስፈረም በድምፅ ወሰኑ። በከፍተኛው ሊግም በሩ እስከ 1947፣ ጃኪ ሮቢንሰን እስኪገባ ድረስ ተዘጋ።

ዎከር ኳስ ካቆመ በኋላ የፈጠራ መብቶች አስመዘገበ፣ ቴአትር ቤት አስተዳደረ፣ በ1908 ጥቁር አሜሪካውያን ወደ አፍሪካ እንዲሄዱ የሚመክር መጽሐፍ አሳተመ። በአሜሪካ ተስፋ እንደቆረጠ ከዚህ በላይ ምን ይነግረናል? በ1924 ሲሞት መቃብሩ ላይ ስሙ አልተጻፈም።

ትምህርቱም ችሎታውም ብቻውን አላዳነውም። በ1883 ያዳነው አንድ ኃላፊ እምቢ ማለቱ ነው። በየዓመቱ ኤፕሪል 15፣ ሮቢንሰን በሚታሰብበት ቀን፣ ስለ እሱ ለሚሰሙ ልጆቻችን የዎከርንም የሞርተንንም ስም እንንገራቸው።