የበረዶ አገር ውሻ በቤተ ሰብ መካከል
ለሀስኪ ስለሚስማማ ሥራና ትርኢት

በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ግዛት የሚኖሩ፥ በሰበካ ጉባኤ አገልግሎታቸው የሚመሰገኑ አንድ ወዳጃችን በዐቢይ ጾም መግቢያ ገደማ የላኩልን ደብዳቤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት ሆኖናል። ነገሩ ስለ ውሻ ነው። ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ «በቤተ ሰብ መጽሔት ለውሻ ምን ቦታ አለው» ብላችሁ ገጹን አትለፉት፤ ነገሩ ከውሻው ተነሥቶ ወደ ልጆቻችን የሚደርስ ነውና።

ወዳጃችን የዐሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። ብዙ ከለመነቻቸው በኋላ ሀስኪ የሚባለውን ዓይነት ቡችላ ገዙላት። ቡችላው ትንሽ ሳለ የቤቱ ሁሉ ደስታ ነበር። ሁለት ዓመት በሞላው ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። በአንዲት እሑድ ቤተ ሰቡ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ወደ ቅዳሴ ሄደ። ከቀትር በኋላ ሲመለስ ውሻው የሳሎኑን መቀመጫ ቦጫጭቆ፥ የበሩን መቃን ግጦ፥ ለእርሱ በተተወችው ትንሽ በር ወደ ጓሮ ወጥቶ፥ ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ጠፍቶ ነበር። በመኪና መንገድ ዳር አንድ ጎረቤት ይዞ አገኙት። አባትዬው በዚያው ማታ ውሻውን ለእንስሳት መጠለያ ሊሰጡት ቆረጡ። ልጅቱ ግን እያለቀሰች «አባባ፥ እኛ ቤተ ክርስቲያን በምንሄድበት ጊዜ እርሱ ምን ሥራ ሰጥተነው ሄድን?» አለቻቸው። ወዳጃችን ለዚህ ጥያቄ መልስ አጡና ወደ እኛ ጻፉ።

የልጅቱ ጥያቄ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ሆኖ አግኝተነዋል። አባቶቻችን «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይላሉ። ሥራ የፈታ ሀስኪም መቀመጫ ይቀድዳል፤ ልዩነቱ መልሶ አለመስፋቱ ብቻ ነው። ስለዚህ መልሱን ከመስጠታችን አስቀድሞ ይህ ውሻ ለምን ሥራ የተፈጠረ እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል።

የውሻው አገርና ሙያ

ሀስኪ የሳይቤርያ ውሻ ነው። በእስያ ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳርቻ የሚኖሩት ቹክቺ የተባሉት ሕዝቦች በበረዶ ላይ የሚንሸራተተውን ጋሪ ለማስጎተት ሲያረቡት የኖሩት ነው። ከባድ ሸክም ባጭር መንገድ ሳይሆን፥ ቀላል ሸክም በረጅም መንገድ፥ በጥቂት ምግብ እንዲጎትት ሆኖ ተገኝቷል። ወደ አላስካ የገባው በ1908 ገደማ ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) የአላስካ ሰዎች በመጀመሪያ ስለ ትንሽነቱ ሳቁበት፤ ዳሩ ግን ወዲያው በታላላቅ ውድድሮች ባሸነፈ ጊዜ ሣቃቸውን ተዉ። በትውልዱ ኖርዌያዊ የሆነው ሌዮናርድ ሴፓላ በእነዚህ ውሾች የመላው አላስካን ውድድር በ1915፥ በ1916ና በ1917 በተከታታይ አሸንፏል።

ስማቸውን በዓለም ያስጠራው ግን ውድድር ሳይሆን የምሕረት ሥራ ነው። በ1925 በጥር ወር ኖም በምትባለው ከተማ የጉሮሮ በሽታ፥ ማለት ዲፍቴሪያ ገብቶ ሕፃናትን ይገድል ጀመር። መድኃኒቱን በአውሮፕላንም በመርከብም ማድረስ ባልተቻለ ጊዜ 20 ነጂዎችና 150 ያህል ውሾች እየተቀባበሉ 1,085 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ከአምስት ቀን ተኩል በማይበልጥ ጊዜ አደረሱት። የመጨረሻውን ክፍል የመራው ባልቶ የተባለው ውሻ በኒውዮርክ ሐውልት ቆሞለታል። ከሁሉ የከፋውንና የረዘመውን መንገድ የሄደው ግን የሴፓላ መሪ ውሻ ቶጎ ነበር፤ መድኃኒቱን ለመቀበል የሄደበትና ይዞ የተመለሰበት በአንድነት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ዕድሜውም በዚያን ጊዜ 12 ዓመት ያህል ነበር።

እንግዲህ የወዳጃችን ሳሎን ውስጥ ከጧት እስከ ቀትር ተዘግቶ የዋለው የእነዚህ ውሾች ዘር ነው። ጥፋቱ ክፋት ሳይሆን ሥራ ማጣት መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለአካሉ የሚስማማ ሥራ

በረዶና ጋሪ ለሌለው ቤተ ሰብም የሚሆን ሥራ አይታጣም። ከሁሉ የሚቀለው ከሰው ጋር መሮጥ ነው። ሯጩ በወገቡ ሰፊ መቀነት ይታጠቃል፤ ከመቀነቱ የሚሳብ ገመድ ወጥቶ ከውሻው ደረት ማሰሪያ ጋር ይያያዛል፤ ውሻው ከፊት እየጎተተ፥ ሰውየው ከኋላ እየተከተለ ይሮጣሉ። ይህ ስፖርት «ካኒክሮስ» ይባላል። በብስክሌት የሚደረገው «ባይክጆሪንግ»፥ በበረዶ ጊዜ በስኪ የሚደረገው «ስኪጆሪንግ» ይባላል። መሮጥ ለማይችል ሰው ደግሞ ለውሻው በጀርባው ላይ ቀላል ኮረጆ አሸክሞ ረጅም መንገድ በእግር መሄድ መልካም ነው። በአጥር በተከለለ ሜዳ የሚሮጥ ነገር እያባረረ 91 ሜትር የሚሮጥበት «ፋስት ካት» የሚባል ውድድርም አለ፤ 12 ወር የሞላው ውሻ ሁሉ ሊገባበት ይችላል።

በዚህ ሁሉ ሊጠበቁ የሚገባቸው አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፥ ዕድሜ ነው። አጥንቱ ሳይጠና የሚጎትት ውሻ ይጎዳል። በብዙ ማኅበራት ልማድ ከሰው ጋር ለመሮጥ 12 ወር፥ ብስክሌት ለመጎተት 18 ወር እንዲሞላው ይፈለጋል። አስቀድሞ በእንስሳት ሐኪም ማስመርመር ይገባል።

ሁለተኛ፥ ማሰሪያው ነው። ውሻ በአንገቱ ቀለበት እየጎተተ እንዲሮጥ ማድረግ ጉሮሮውን መጉዳት ነው። ኃይሉ በደረቱና በትከሻው ላይ እንዲያርፍ ሆኖ የተሰፋ የመጎተቻ ማሰሪያ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ፥ ሙቀት ነው። ሀስኪ ድርብ ጸጉር ያለው የብርድ አገር ፍጥረት ስለ ሆነ በበጋ ወራት ሥራው በማለዳ ወይም በምሽት ብቻ መሆን አለበት። ጸጉሩን መላጨት ያቀዘቅዘዋል ብለው የሚያስቡ ሰዎች ይሳሳታሉ፤ ጸጉሩ ከብርድም ከፀሐይም ይጠብቀዋልና። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ሲሠሩ የአሠሪያቸውን ውሻ የሚያንሸራሽሩ እኅቶቻችንም ይህን ልብ ይበሉ፤ መንገዱ ለእጃችሁ መዳፍ የሚያቃጥል የሆነ እንደ ሆነ ለውሻው እግርም ያቃጥላል።

አራተኛ፥ ገመድ ነው። ሀስኪ ወደ ፊት መሮጥ እንጂ ሲጠሩት መመለስ የሙያው ክፍል ስላልሆነ ባልታጠረ ስፍራ ከገመድ መፍታት አይገባም። ለአጥሩም ቢሆን ሽቦውን ከመሬት በታች ዝቅ አድርጎ መቅበር ያስፈልጋል።

የጋሪ ነጂዎች ለቀኝ «ጂ»፥ ለግራ «ሃው» እያሉ ያዛሉ። ነገር ግን ውሻ ቋንቋ አይመርጥም፤ ቃሉ አንድና የማይለዋወጥ ይሁን እንጂ «ቀኝ»፥ «ግራ»፥ «ቁም» ቢሉት ይማራል። በባዕድ አገር ያሉ ልጆችም ከውሻው ጋር አማርኛቸውን ይለማመዱበታል።

ስለ ትርኢት

ወዳጃችን በደብዳቤያቸው «ልጄ ውሻውን ወደ ትርኢት ልውሰደው ትላለች፤ ይህስ ከንቱ ውዳሴ አይሆንምን?» ብለው ጠይቀዋል። መልሳችን እንደ ትርኢቱ ዓይነትና እንደ ልብ ዝንባሌ ነው የሚል ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት የመልክና የቁመና ትርኢት ነው። ከእነዚህ እጅግ የታወቀው በ1877 የተጀመረው የዌስትሚንስተር ትርኢት ሲሆን በ1980 አንድ ሀስኪ ከውሾች ሁሉ በላይ ሆኖ ተሸልሞበታል። ዳኞቹ የሚመዝኑት ውበትን እንዲያው ሳይሆን ውሻው ለቀድሞ ሙያው የተመቸ መሆኑን ነው። በአሜሪካ ኬኔል ክለብ መለኪያ የወንዱ ቁመት እስከ ትከሻው ከ53 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር፥ የሴቷ ከ51 እስከ 56 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከዚህ የረዘመ ከውድድሩ ይወጣል። ቀለሙና የዓይኑ ሰማያዊነት ግን ብልጫ አይሰጡትም፤ የሚመረመረው ሲረግጥ ቀላልና ሳያቋርጥ የሚሄድ መሆኑ ነው። ወደዚህ ትርኢት የሚገባ ውሻ የተመዘገበ፥ 6 ወር የሞላው፥ ያልተኮላሸም መሆን አለበት።

የወዳጃችን ውሻ የተኮላሸ ስለ ሆነ ይህ በር ተዘግቶበታል። ልጅቱ ይህን ስትሰማ እንዳታዝን ሌሎቹ በሮች ክፍት መሆናቸውን ጻፍንላቸው። ከ9 ዓመት ጀምሮ 18 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች የተዘጋጀ ውድድር አለ፤ በዚህ የሚመዘነው ውሻው ሳይሆን ልጁ ውሻውን የሚይዝበት ትዕግሥትና ሥርዓት ነው፤ የተኮላሸ ውሻም ይገባበታል። ደግሞ ከ1989 ጀምሮ የሚሰጥ ዐሥር ክፍል ያለው የመልካም ጠባይ ፈተና አለ፦ እንግዳ ሰው ሲቀርበው መታገሥ፥ በሰው መካከል ገመዱን ሳይወጥር መሄድ፥ ሲጠሩት መምጣት፥ ሌላ ውሻ ሲያይ አለመታወክ፥ በመጨረሻም ጌታው ለ3 ደቂቃ ሲለየው በጸጥታ መቆየት ናቸው። በ1938 የተመሠረተው የአሜሪካ የሳይቤርያ ሀስኪ ክለብም በመጎተት ሥራ ለሚፈተኑ ውሾች የማዕረግ ስም ይሰጣል።

ወደ ትርኢት የሚያስብ ቤተ ሰብ የመጀመሪያውን ጊዜ ውሻውን ሳይዝ ለማየት ብቻ ይሂድ። ባለ ውሾቹን፥ ሥራቸውን ሲጨርሱ፥ በትሕትና ቢጠይቁ ብዙ ያስተምራሉ። ምዝገባው አብዛኛውን ጊዜ ከትርኢቱ ቀን ከሁለት ሳምንት በላይ አስቀድሞ ስለሚዘጋ ቀኑን መጠበቅ ይገባል። ትርኢቶች ቅዳሜም እሑድም ይደረጋሉ፤ ቅዳሜን መምረጥ የቤተ ሰቡ ፈንታ ነው። ስለ ውሻ ቅዳሴ የሚቀር የሆነ እንደ ሆነ ሥራው ተገልብጧል ማለት ነው።

ስለ ቤታችን ሥርዓት

ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንደማይገባ ሁላችን እናውቃለን። ይህ ግን ለፍጥረቱ እንድንጨክንበት ፈቃድ አይደለም። በመጽሐፈ ጦቢት የጦብያ ውሻ ከጌታውና ከመልአኩ ጋር መንገድ እንደ ሄደ እናነባለን። በኦሪትም የዕረፍት ቀን ለሰው ብቻ ሳይሆን ለበሬውና ለአህያው ጭምር ታዝዟል። እንስሳውን የሚያሳርፍ ሕግ፥ በቀሩት ቀኖች ለእንስሳው ሥራ እንዳለው መናገሩ ነው።

ሁለት ነገር እንጨምር። ውሻ ጾም የለበትምና በጾም ወራት ምግቡን አትለውጡበት። በፋሲካም ስለ ፍቅር ብላችሁ ከወጡ አትስጡት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደሙን የሚጎዱ ናቸው፤ የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀቱን ይወጋል።

ለወዳጃችን የላክነው ምክር ባጭሩ ይህ ነበር፦ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፥ እንደ አየሩ ሁኔታ ሰዓቱን ለውጣችሁ፥ አባትና ልጅ ረጅም መንገድ አስኪዱት፤ እሑድ ማለዳ ከቅዳሴ በፊት ግማሽ ሰዓት አንሸራሽሩት፤ ከመውጣታችሁ በፊት ምግቡን ፈልጎ እንዲያገኘው በቀዳዳ መጫወቻ ውስጥ ደብቁለት፤ አጥሩን አጥብቁ፤ ከስድስት ወር በኋላ የማይሻሻል የሆነ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ሥራ ያለው ሌላ ቤት ፈልጉለት።

ሁለተኛው ደብዳቤያቸው በጥቅምት ደረሰን። ውሻው በቤት አለ። መቀመጫውን አንድ ጊዜ ደግሞ ነክሶታል፤ አጥሩን ግን አልዘለለም፥ አልቆፈረም። የጠባዩን ፈተና በመጀመሪያ ጊዜ በዐሥረኛው ክፍል ወደቀ፤ ልጅቱ ዞር ስትል ሦስቱን ደቂቃ ሙሉ ጮኸ። በሁለተኛው አለፈ። በልጆቹ ውድድር ከአራት ልጆች አራተኛ ወጣች፤ ውሻው ሊቆም በሚገባው ጊዜ ተቀምጦባት ነበርና። ዳኛዋ ግን በቁጣ ገመዱን ስላልጎተተች አመስግናታለች።

ከደብዳቤያቸው መጨረሻ የሚከተለውን፥ በፈቃዳቸው፥ እንዳለ እናቀርባለን። «እኔ በቀን ሁለት ሥራ የምሠራ ሰው ነኝ። ልጄ በትምህርት ቤት ምን እንደሚያጋጥማት፥ ምን እንደምትፈራ አላውቅም ነበር። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ውሻው ከፊት እየጎተተ ሁለት ሰዓት እንሄዳለን፤ እርስዋ ትናገራለች፥ እኔ እሰማለሁ። ውሻው ሥራ ያስፈልገዋል ብላችሁ ጻፋችሁልኝ፤ ሥራ ፈት የነበርሁትስ እኔም ነበርሁ።»