መተንፈሻው ከተነቀለ በኋላ

ኮሪያውያን «አያት ኪም» የሚሏቸው እናት በሙቀት ወራት እንኳ እጅጌ ጉርድ አይለብሱም ነበር። ከዓመታት በፊት በመኪና አደጋ ክንዳቸው ላይ የቀረውን ጠባሳ ሰው እንዲያይባቸው አይሹም። ይህች ትንሽ ነገር በደቡብ ኮሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ሰፍራለች። ዳኞቹ ሊመልሱት የነበረባቸው ጥያቄ፣ ይህን ያህል ለገጽታቸው የሚጠነቀቁ ሴት ራሳቸውን ስተው በመሣሪያ መተንፈስን ይወዱ ነበር ወይ የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 ሴኡል ሴቭራንስ ሆስፒታል ውስጥ ከሳንባቸው ናሙና ሲወሰድ ደም ፈሰሳቸው፤ አንጎላቸው ተጎዳ። ልጆቻቸው «መተንፈሻው ይነቀልላቸው» ቢሉም ሆስፒታሉ እምቢ አለ። የሐኪሞቹ ፍርሃት ይገባኛል፤ በ1997 በቦራማኤ ሆስፒታል በሚስት ውትወታ በሽተኛ ወደ ቤት የሸኙ ሐኪሞች በነፍስ ግድያ አጋዥነት ተፈርዶባቸዋል። አያት ኪም ግን ባላቸው ሲሞቱ «እኔንስ መሣሪያ እንዳትሰኩብኝ» ማለታቸውን ልጆቻቸው መሰከሩ። ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2009 ፈቀደ።

ሰኔ 23 ቱቦው ወጣ። ሁሉም መርዶ ሲጠብቅ እሳቸው በራሳቸው ትንፋሽ 201 ቀን ቆዩ። ይህን ለልጆቹ መሳሳት ማስረጃ የሚያደርጉ አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ የተጠየቀው ከመሣሪያው እንዲላቀቁ እንጂ እንዲሞቱ አልነበረም።

እንዲህ ያለውን ምርጫ አስቀድሞ በጽሑፍ ማኖር የሚያስችለው፣ በ2016 የጸደቀው ሕግ በየካቲት 2018 ሥራ ላይ ዋለ። 19 ዓመት የሞላው ሰው ራሱ ቀርቦ፣ ተብራርቶለት ቅጹን ይፈርማል፤ ሐሳቡን በለወጠ ጊዜም ይሰርዛል። መሞቱ ሲቃረብ መተንፈሻ፣ የኩላሊት እጥበት፣ ኬሞቴራፒ ይቀሩለታል፤ ምግብ፣ ውኃና የሕመም ማስታገሻ ግን አይቋረጥበትም። በ2025 የፈራሚው ቁጥር ከ3 ሚሊዮን አልፏል፤ አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው፣ ሴቶቹም ይበዛሉ።

ለምን ሲባሉ ደጋግመው የሚሉት «ለልጆቼ ሸክም አልሁን» ነው። እዚህ ላይ ልቤ አይረጋም። አማትና ባል አስታማ የቀበረች ሴት ማስታመም ምን እንደሚያስከፍል ታውቀዋለች። የምትፈርመው እንደ አያት ኪም ገላዬን አታስነኩብኝ ብላ ከሆነ እሰየው። የልጇ ወገብ አሳዝኗት ከሆነ ግን ፊርማው የእሷ ብቻ አይደለም።

ቅጹ ላይ የማስታገሻ ክብካቤ ትፈልግ እንደሆነ የምትሞላበት ሳጥን አለ። አልጋው ግን በአብዛኛው ለካንሰር ሕሙማን ነው። ስትሮክ የጣላት፣ መርሳት የያዛት አሮጊት ሳጥኑን ሞልታ ወደዚያችው ልጇ ቤት ትመለሳለች።