የቴስቶስትሮን ሕክምናና የመገጣጠሚያ ሕመም ምን አገናኛቸው?

ቴስቶስትሮን በወንዶች ዘንድ በዋናነት ከዘር ፍሬ የሚመነጭ ሆርሞን ነው። ጡንቻንና አጥንትን ያጠነክራል፤ የቀይ ደም ሕዋስ ምርትንም ያነቃቃል። መጠኑ ከሚገባው በታች ሲወርድና ምልክቶችም ሲታዩ ሐኪሞች በመርፌ ወይም በቆዳ ላይ በሚቀባ መድኃኒት ይተኩታል። ሕክምናውን ከጀመሩት መካከል ጉልበታቸውን፣ ትከሻቸውን ወይም የእጅ አንጓቸውን የሚያማቸው አሉ።

ሕመሙ ሁልጊዜ ከሆርሞኑ የሚመጣ አይደለም። ሰውነት ከቴስቶስትሮን ጥቂቱን ወደ ኤስትራዲዮል ይለውጠዋል። ኤስትራዲዮል የሴት ሆርሞን ይባል እንጂ ለወንድም አጥንት ያስፈልጋል። ጡታችን ያብጣል ብለው የሚሰጉ አንዳንድ ታካሚዎች ይህን ለውጥ የሚያግድ አናስትሮዞልን የመሰለ መድኃኒት ይደርባሉ። አናስትሮዞል የጡት ካንሰር ላለባቸው ሴቶች የሚታዘዝ ሲሆን የመገጣጠሚያ ሕመም ከታወቁት የጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱ ነው። ስለዚህ ታካሚው ሌላ ምን እንደሚወስድ መጠየቅ ይቀድማል።

ሆርሞኑ ጨውና ውኃ በሰውነት እንዲቆይ ስለሚያደርግ እጅና እግር ሊያብጥ፣ በአንጓ በኩል የሚያልፈው ነርቭም ሊጨቆን ይችላል። በእግር አውራ ጣት ላይ ድንገት ተነሥቶ የሚያቀላና የሚያቃጥል ሕመም ደግሞ ሪህን ያስጠረጥራል።

ጉልበቱ የተመለሰለት ሰው ከባድ ሥራ ላይ ሲበረታም ጅማቱ ይጎዳል። ጡንቻ ቶሎ ይጠነክራል፤ ጅማት ግን በዝግታ ነው። አንዱ በሬ ሲፈጥን ሌላው ሲዘገይ ቀንበሩ እንደሚያጋድል ማለት ነው።

ከብት በሚረባበት አካባቢ ሊዘነጋ የማይገባው ብሩሴሎሲስ ነው። በሽታው ያልፈላ ወተት በመጠጣት፣ ወይም የጨነገፈች ላምን ፅንስና የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅ በመንካት ወደ ሰው ይተላለፋል። የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል፤ በወንዶች ላይ የዘር ፍሬን ሊያሳብጥም ይችላል። ድካሙና ሕመሙ የእድሜ ወይም የሆርሞን ጉድለት ተደርጎ ከታለፈ ታካሚው ለሳምንታት ሊወስደው የሚገባው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይዘገይበታል። ከብት አርቢ የሆነ ታካሚ ይህንኑ ለሐኪሙ ሳይጠየቅም ቢናገር ይበጀዋል።

መርፌውን በራስ ውሳኔ ማቋረጥም ሆነ መጠኑን መጨመር አይመከርም። ሐኪሙ የሆርሞኑን፣ የደሙን ውፍረትና የዩሪክ አሲዱን መጠን ያስመረምራል። ትኩሳት ያለበት፣ ያበጠና የሚያቃጥል መገጣጠሚያ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። አንድ እግር ብቻ አብጦ ባቱን ካመመም የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።