ከቀጭን ሳጥን የሚወጣ ቤዝ

የሳሎን ስፒከር ቀጥኗል። በአውሮፓውያን 1970ዎቹ ደህና ስፒከር ሲባል ባለ 12 ኢንች ውፈር፣ ማለትም ዝቅተኛውን ድምፅ (ቤዙን) የሚያወጣውን ክፍል፣ የተሸከመ ሰፊ ሳጥን ነበር። ዛሬ ወለል ላይ የሚቆመው ረጅም ስፒከር በአብዛኛው ባለ 5 ወይም ባለ 6 ተኩል ኢንች ውፈሮችን ሁለት ሦስት አድርጎ የደረደረ ነው። ገዢው ቢጠራጠር አይፈረድበትም፤ የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ነው የምትርገበገበው፣ እንዲህ ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ ደግሞ ሁሉም ከትልቅ ውፈር ይጠብቃል።

ጥርጣሬው መሠረት አለው። ውፈር የሚሠራው ኮን በሚባለው ተንቀሳቃሽ ክፍሉ አየር በመግፋት ነው። የድምፁ ድግግሞሽ በግማሽ በወረደ ቁጥር በዚያው ጩኸት ለመሰማት ኮኑ አራት እጥፍ ርቀት መሄድ ይኖርበታል። አንድ ባለ 6 ተኩል ኢንች ውፈር በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ሆኖ፣ አንድ ሜትር ላይ 90 ዴሲቤል እንዲሰማ ከተፈለገ፣ በ80 ሄርዝ (በሰከንድ 80 ጊዜ) ከመሀሉ ወዲህና ወዲያ 1 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ቢርገበገብ ይበቃዋል። በ40 ሄርዝ ወደ 5 ሚሊሜትር ተኩል ይደርሳል፣ ይህም ለብዙዎቹ የአቅማቸው ጠርዝ ነው። በ20 ሄርዝ ከ2 ሴንቲሜትር ያልፋል፤ እዚህ ላይ ነገሩ አበቃ። ባለ 12 ኢንቹ የኮኑ ስፋት ወደ አራት እጥፍ ስለሚጠጋ ለዚያው ድምፅ ሩቡን ያህል ብቻ ይንቀሳቀሳል። ትንንሾቹን መደርደር ያስፈለገውም ለዚሁ ነው፤ አራቱ ተባብረው የአንድ ትልቅ ውፈር ያህል አየር ይገፋሉ።

የቀረው ሥራ የሳጥኑ ነው። ኮኑ ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል። ሁለቱ ተቃራኒ ሞገዶች ከተገናኙ ይጠፋፋሉ፤ ሳጥን የሌለው ውፈር ቤዝ የማይኖረው በዚህ ምክንያት ነው። በ1954 አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቸር ከተማሪው ከሄንሪ ክሎስ ጋር አኩስቲክ ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ መሥርቶ ኤአር-1ን አወጣ። ኮኑ በጣም እንዲላላ አድርጎ፣ ሳጥኑን አጥብቆ ዘግቶ፣ የታፈነው አየር ራሱ ኮኑን እንደ ሞላ እንዲመልሰው አደረገ። ውፈሩ 12 ኢንች ቢሆንም ጥልቅ ቤዝ ለማውጣት የፍሪጅ ያህል ሳጥን ማቆም ቀረ።

ዛሬ በአብዛኞቹ ረጃጅም ስፒከሮች ላይ የሚታየው ቀዳዳ ግን ከዚያም ይቀድማል። የቤል ላቦራቶሪው አልበርት ቱራስ የፓተንት ማመልከቻውን ያስገባው በ1930 ነው። ከቀዳዳው ወደ ውስጥ በሚዘልቀው ቱቦ ያለው አየር እንደ ክብደት፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ደግሞ እንደ ሞላ ሆነው በአንድ በተመረጠ ድግግሞሽ አብረው ይርገበገባሉ፤ ባዶ ጠርሙስ አፉ ላይ ሲነፋ እንደሚጮኸው። የቱቦው ርዝመትና የሳጥኑ መጠን ከውፈሩ ጋር በስሌት የሚገጣጠሙት አውስትራሊያ ውስጥ ኔቪል ቲል በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባሳተሟቸው ጥናቶች ነው። ከዚያ በፊት ሥራው በአብዛኛው ሙከራና ግምት ነበር።

የቱቦውን ሥራ በዓይን ማየት ይቻላል። ከስልክ ላይ የሙከራ ድምፅ እያጫወቱ ድግግሞሹን ቀስ በቀስ ማውረድ ነው። ሳጥኑ የተቃኘበት ድግግሞሽ ላይ ሲደረስ፣ 40 ሄርዝ ገደማ ሊሆን ይችላል፣ ኮኑ የቆመ እስኪመስል ይረጋል፤ ቀዳዳው አጠገብ የተያዘ እጅ ግን ነፋስ ይሰማዋል። በዚያች ነጥብ ቤዙን የሚያወጣው ቱቦው ነው። ከዚያ በታች ሲወረድ ኮኑ የሚመልሰው አጥቶ በከንቱ ይወራጫል፣ ድምፁም በየኦክታቩ (ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር) 24 ዴሲቤል እየጣለ ይጠፋል። በተዘጋ ሳጥን ውድቀቱ 12 ዴሲቤል ነው። ቀዳዳ ያለው ስፒከር ጥልቀቱን የሚሰጠው እስከ አንድ ወሰን ድረስ ብቻ ነው፤ ከወሰኑ በታች ድምፅን መጨመር ውፈሩን ከመጉዳት በቀር ፋይዳ የለውም።

ዋጋውም አለ። ኬኤልኤች ከተባለው ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ሆፍማን የስፒከር ሥራን ሕግ በማያሻማ መንገድ አስቀምጦታል፦ ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝ፣ በትንሽ ዋት ብዙ ጩኸት፤ ከሦስቱ ሁለቱን መምረጥ እንጂ ሦስቱንም ማግኘት አይቻልም። ረጅሙ ስፒከር ከፍታውን ተጠቅሞ የወለል ቦታ ሳይሻማ ሳጥኑን ያሰፋል፤ ትንንሽ ውፈሮቹ ግን አሁንም ጩኸቱን ይሠዋሉ። ስለዚህ «እስከ 35 ሄርዝ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ብዙም አይናገርም። በስንት ዴሲቤል ወርዶ? በምን ያህል ጩኸት? ለመኝታ ቤት የሚበቃ ቤዝ ለሠርግ አዳራሽ አይሆንም።

ክፍሉም ጣልቃ ይገባል። ርዝመቱ 5 ሜትር በሆነ ሳሎን በ34 ሄርዝ ገደማ ድምፁ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ይመላለሳል፤ ግድግዳ ዳር ለተቀመጠው ቤዙ ሲጎላ መሀል ላይ ላለው ይሳሳል። ስፒከሩን ወደ ጥግ ማስጠጋት ቤዙን ያጎላል፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ ያድበለብለዋል። ያኔ ብዙ አምራቾች ከስፒከሩ ጋር የሚሰጡትን የስፖንጅ መድፈኛ ቀዳዳው ውስጥ ወትፎ መሞከር ነው፤ ጥልቀቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ጥራቱ ግን ይመለሳል።