የእምነት ግዴታና የጉርብትና ኑሮ

የሃይማኖት ግዴታ በአማኙ ልብ ውስጥ ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም፤ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚተሳሰሩበትን መንገድም ይቀርጻል። ይህን ለመረዳት በእስልምና ከታዘዙት ግዴታዎች ሦስቱን ተመልከቱ።

የመጀመሪያው ዘካ ነው። ሀብቱ ከተወሰነው መጠን የደረሰ ሙስሊም፣ አንድ የጨረቃ ዓመት በእጁ ከቆየው ገንዘብ ከየ40 ብሩ 1 ብር ለድሆችና ዘካ ለሚገባቸው ሌሎች ወገኖች ያወጣል። ከእህልም በዝናብ ከበቀለው ከ10 አንድ፣ በመስኖ ድካም ከለማው ግን ከ20 አንድ ይሰጣል። ዘካ ሰጪው ሲወድ የሚሰጠው ምጽዋት ሳይሆን ከባለጸጋው ሀብት ላይ ያለ የድኻው ድርሻ ነው። ስለሆነም ተቀባዩ መብቱን ይቀበላል እንጂ አንገቱን አይደፋም።

ሁለተኛው ከረመዳን ጾም ጋር የተያያዘው ዘካተል ፊጥር ነው። አቅም ያለው ሰው ለኢድ አልፈጥር ሶላት ከመውጣቱ በፊት፣ ሕፃናት ሳይቀሩ በሥሩ ለሚተዳደሩ ሁሉ በነፍስ ወከፍ 4 እፍኝ እህል ለችግረኛ ይሰጣል። ዓላማውም በበዓሉ ዕለት ጦሙን የሚያድር ጎረቤት እንዳይኖር ነው።

ሦስተኛው የቀብር ሥርዓት ነው። ሟችን ማጠብ፣ መከፈን፣ ሶላት ማድረስና መቅበር የጋራ ግዴታ ነው። ጥቂቶች ከፈጸሙት ከሌሎቹ ላይ ይነሣል፤ ማንም ካልፈጸመው ግን የአካባቢው ሙስሊም ሁሉ ይጠየቅበታል። በዚህም ምክንያት ዘመድ የሌለው እንግዳ እንኳ ቀባሪ አያጣም።

ይሁን እንጂ እምነት ማዕድ የሚለይበት ጊዜም አለ። በአገራችን በቆየው ልማድ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ታዲያ ይህ ጉርብትናን አያፈርስምን? የወሎ ሕዝብ ኑሮ ለዚህ መልስ ይሰጣል። ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ከብት ለይቶ ይሰጣል፤ እነርሱም በሥርዓታቸው አርደው ለብቻው ያበስላሉ። ሙስሊሙ ሲደግስም እንዲሁ ያደርጋል። ሐዘን ሲደርስም ሁለቱም ወገኖች ቅሬ በሚባለው የመረዳጃ ማኅበር ተሰባስበው አብረው ይቀብራሉ። ሥጋው ቢለይም ድግሱና ሐዘኑ አንድ ነው።

እናንተም በአካባቢያችሁ ከእምነት የመነጨ አንድ ማኅበራዊ ልማድ ምረጡ። ምን እንደሚደረግ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚደረግና ማንን ከማን እንደሚያስተሳስር በሁለት አንቀጽ አብራሩ።