«አረንጓዴ ሆኖ ከርሟልና አይቆረጥም» ያለው ማን ነው?

ብርዱ የለዘበ ክረምት ባለፈ ቁጥር በአሜሪካ አትክልተኞች መንደር አንድ ወሬ ይናፈሳል፤ ቡድሊያ የተባለው ቁጥቋጦ ቅጠሉን ሳያረግፍ ስለከረመ ዘንድሮ ከተቆረጠ አያብብም ይባላል። መዝገብ መያዝ ከተጀመረበት ከ1895 ወዲህ፣ ከአላስካና ከሃዋይ በስተቀር ለአሜሪካ እጅግ ሞቃቱ ክረምት የ2023–24ቱ ነበር። እንዲህ ያለው ክረምት ለወሬው ይመቸዋል። ወሬው ግን ስህተት ነው።

በብዛት የሚተከለው ቡድሊያ ወይም የቢራቢሮ ቁጥቋጦ ከቻይና የመጣ ተክል ነው፤ የኢትዮጵያ ደጋ አንፋርም ወገኑ ነው። ቡድሊያው የሚያብበው በዚያው ዓመት ባቆጠቆጠ ለጋ ቀንበጥ ጫፍ ላይ ነው። የአምናው እንጨት ቢቆረጥ የዘንድሮ አበባ አይቀርም፤ ቢበዛ ጥቂት ይዘገያል። ዋናው ነገር መቀሱ ካለፈ በኋላ የሚሆነው ነው።

የቅርንጫፍ ጫፍ ኦክሲን የተባለ ሆርሞን ያመርታል፤ ሆርሞኑ በግንዱ ሲወርድ ከሥር ያሉት እምቡጦች እንደተኙ ይቆያሉ። ኬኔት ቲማንና ፎልኬ ስኩግ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የባቄላን ጫፍ ቆርጠው በቦታው ኦክሲን ሲያኖሩበት፣ እምቡጦቹ ጫፉ ያልተነካ ያህል ዝም አሉ። ጫፉ ተቆርጦ ምንም ካልተተካበት ግን ይነቃሉ። የጅማ ገበሬ ያረጀ ቡና የሚጎነድለውም ይህንኑ አዲስ ቀንበጥ ፈልጎ ነው።

እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ያሻል። ኦክሲን ራሱ እምቡጡ ውስጥ ገብቶ አያፍነውም። በ2008 ስትሪጎላክቶን የተባለ ሌላ ሆርሞን መልእክተኛ ሆኖ ተገኘ። በ2014 ደግሞ በአተር ላይ የሠሩ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ቀድሞ እምቡጡን የሚቀሰቅሰው ጫፉ ሲጠፋ የሚተርፈው ስኳር ነው አሉ። የትኛው ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ክርክሩ አልተዘጋም፤ ሙከራዎቹም የተሠሩት በሌሎች ተክሎች እንጂ በቡድሊያ ላይ አይደለም።

በከባድ ክረምት ውርጩ ራሱ ቁጥቋጦውን እስከ መሬት ይገርዘዋል። ክረምቱ ሲለዝብ ግን ያረጀው እንጨት ሳይሞት ይተርፍና ተክሉ ከላይ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ ሥሩ ተራቁቶ አበባው ከሰው ቁመት በላይ ይወጣል። ስለዚህ መቀስ ይበልጥ የሚያስፈልገው ወሬው «ተዉት» በሚልበት ዓመት ነው!

ይህ ማለት በጃንዋሪ ይቆረጥ ማለት አይደለም። ቀድሞ የነቃ ቀንበጥ ውርጭ አይችልም። በማርች 2012 ሙቀቱ የሚቺጋንን ቼሪ ያለጊዜው ቀሰቀሰው፤ የኤፕሪል ውርጭ ደርሶ የጎምዛዛውን ቼሪ ምርት አብዛኛውን አጠፋው። በዋሽንግተን ዲሲና በሜሪላንድ አካባቢ የማርች አጋማሽ ካለፈ በኋላ ቢቆረጥ ይመረጣል። ልጡ በጥፍር ሲፋቅ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ቅርንጫፉ ሕያው ነው። እምቡጦቹ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚወጡ፣ ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ካለ ጥንድ በላይ መቁረጥ ይበቃል።

ብርቱካናማ ኳስ የመሰለ አበባ የሚያወጣው የቺሊ ዝርያ ግን በአምና እንጨት ላይ ስለሚያብብ የሚገረዘው አበባው ካለፈ በኋላ ነው። የቻይናው ዝርያ ደግሞ በኦሪገንና በዋሽንግተን ግዛቶች ከጎጂ አረም ተመዝግቧል። በግቢያችሁ ካለ፣ የጠወለገውን አበባ ዘሩን ሳይበትን ቁረጡት።