የተጎዳ ኩላሊትና የሐኪም ትዕግሥት

በሬዲዮ የሰማችሁትን ትምህርት አሁን ደግሞ በጽሑፍ አንብቡት። ርእሳችን የተጎዳ ኩላሊት ነው።

የሰው ኩላሊት ሁለት ነው። ከወገብ ከፍ ብሎ፣ ከጀርባ አጥንት ግራና ቀኝ ይገኛል። እያንዳንዱ የተጨበጠ እጅ ያህላል። በየደቂቃው 1 ሊትር ያህል ደም በሁለቱ ያልፋል። ስለዚህ ኩላሊት ሲሰነጠቅ ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል።

ሰው ከዛፍ ይወድቃል። በቅሎ ጎኑን ትረግጠዋለች። መኪና ይገጨዋል። ጎኑን ያመዋል፤ ሽንቱ ይቀላል። አንዳንዴ ግን ኩላሊቱ ክፉኛ ተጎድቶም ሽንቱ አይቀላም። ስለዚህ አትዘናጉ። ወጌሻ አያሸው። ጀርባውን ሳታጣምሙ፣ በቃሬዛ አስተኝታችሁ፣ ፈጥናችሁ ሆስፒታል አድርሱት።

እዚያ ሲደርስ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ላያደርግለት ይችላል። «ዝም ብለህ ተኛ» ይለዋል። ቤተ ሰብ ይደነግጣል። «ምነው ዝም አሉት? ወደ ቤት እንውሰደው እንዴ?» ይላል። ቆዩ! ምክንያቱን ስሙ።

ኩላሊት በሞራና በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ነው። የፈሰሰው ደም እዚያ ውስጥ ይታቆርና ቁስሉን መልሶ ይጫነዋል። እጃችሁ የሚደማ ቁስልን ተጭኖ እንደሚያቆም ማለት ነው። ሆድ ሲከፈት ይህ ጫና ይለቃል፤ ደሙ እንደገና ሊፈስ ይችላል። ያን ጊዜ ሕይወት ለማትረፍ ሲባል ኩላሊቱ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል።

ሐኪሞች ይህን ጉዳት ከ1 እስከ 5 በደረጃ ይከፍሉታል። 5ኛው የከፋው ነው። የበሽተኛው የደም ግፊት ካልወረደ፣ 4ኛ ደረጃ ጉዳት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል።

ታዲያ መጠበቅ ማለት መተው አይደለም። የደም ግፊቱና የልብ ትርታው ይለካል። ደሙ ይመረመራል፤ ካነሰው ይሰጠዋል። የሽንቱ ቀለም ከትናንቱ ጋር ይነጻጸራል። ደም እየተሰጠውም ግፊቱ ከወረደ ግን ቀዶ ሕክምናው አይቀርም። ይህ ሁሉ ቤት ውስጥ አይሆንም።

የእናንተ ድርሻስ? ደም ለግሱ። ሐኪም ሳይፈቅድ ከአልጋ አታስነሱት። ቤቱ ከገባም በኋላ፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ ሸክምና እርሻ ይቅርበት። ሽንቱ እንደገና ቢቀላ፣ ቢያተኩሰው ወይም ጎኑ ቢያብጥ ወዲያው መልሱት።

ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ማንበብ ላልጀመረ ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ደህና ሰንብቱ።